በሦስተኛ ማርሽ ጣርማ በርን መውጣት



ውድ አንባቢያን፣ እኛ የቀወት ልጆች ነን። ተወልደን ያደግነው ሸዋ ሮቢት ነው። አገራችን ሽንኩርትና ማሾ የሚበቅልበት፣ ቀትር ላይ ሰውም ከብትም ጥላ የሚፈልግበት የይፋት ቆላ ነው እንጂ ጀልባ የሚንሳፈፍበት አይደለም። ሮቢ ወንዝም ቢሆን ክረምት ላይ ሲሞላ ሰው ይወስዳል እንጂ ሰው አያመላልስም። ስለዚህ «የሮቢትን ልጅ ስለ ጀልባ ሞተር ማን ጠየቀው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም። የምንተርከው የማናውቀውን ዕቃ ገዝተን የከፈልነውን ዋጋ ነው። የከሰረው የራሳችን ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ለራሳችን ይዘን እንቀር ነበር።

የእህታችን አማና

«እኛ» የምንለው ሦስት ወንድማማቾችን ነው። ታላቃችን በጣና በለስ የውኃ ኃይል ማመንጫ ግንባታ ላይ በሾፌርነት ሲሠራ ቆይቶ፣ ግንባታው በ2002 ዓ.ም ተመርቆ ሲያበቃ ባሕር ዳር ቀረ፤ እዚያው ትዳር ያዘ። ሁለታችን ሮቢት ከአባታችን ጋር በሽንኩርት እርሻ ላይ ነበርን። አንዲት እህት አለችን፤ እሷ በ2004 ዓ.ም ጅዳ ሄዳ በሰው ቤት ተቀጠረች። ሐጅና ዑምራ የሚናፈቅበት አገር ነውና እናታችን ስትሸኛት ግማሽ ልቧ ደስ ብሎት ነበር። ግማሹን እናቶች ያውቁታል።

እህታችን ከደመወዟ ለቤት ቀለብ ከምትልከው ውጭ የቀረውን እያጠራቀመች ቆይታ በ2008 ዓ.ም «ይህን ገንዘብ ቁም ነገር ላይ አውሉት፤ ስመለስ ሰው ቤት እንዳልገባ አድርጉኝ» ብላ አደራ ሰጠችን። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሮቢት ላይ ሱቅ እንክፈት ያለ ነበር፣ የውኃ ፓምፕ እንግዛ ያለም ነበር። በመጨረሻ ግን የታላቃችን ሐሳብ አሸነፈ። እሱ በየሳምንቱ የሚያየውን ነገረን፦ የዘጌ ሰው ቡናውንና እንጨቱን ይዞ በጣና ላይ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመላለሳል፣ ጎብኚዎችም ወደ ደሴቶቹ ይሄዳሉ፤ ጀልባ ያለው ሰው ሥራ አይፈታም። ያገለገለ የፋይበር ጀልባ እዚያው ባሕር ዳር ተገኘ። የቀረው ሞተር ነበር፤ የእህታችን ገንዘብ የሚበዛውም የወጣው ለሱ ነው።

ሞተሩን ለመግዛት ሦስታችንም አዲስ አበባ ገባን። ከጀልባ ጀርባ የሚሰቀል ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ነበር። ባለሱቁ ደግ ሰው ነበር፤ ይህን ሳንመሰክር ብናልፍ እንበድለዋለን። «ጀልባችሁ ስንት ሰው ይጭናል? የምትሠሩትስ የት ነው?» ብሎ ጠየቀን። እኛ ግን የቸኮልነው ለመክፈልና ለመጫን ነበር። ሁለት ፕሮፔለር አውጥቶ አሳየን፤ አንደኛው 11፣ ሌላኛው 13 የሚል ቁጥር አለው። «የትኛው ይፈጥናል?» አልነው። «ባዶ ጀልባ ከሆነ 13ቱ» አለን። ከተናገረው ውስጥ የሰማነው «13ቱ» የሚለውን ብቻ ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ይሮጣል»

የመጀመሪያው ሙከራ ያሳሳተን እሱ ነው። ሦስታችን ብቻ ተሳፍረን ስንወጣ ጀልባው አፍንጫውን አንሥቶ ሐይቁን እየቀደደ ሄደ። ታላቃችን እየሳቀ «ይህማ ወፍ ነው!» አለ። የዚያኑ ዕለት ማታ ለእህታችን ደውለን ይህንኑ ነገርናት።

ሥራ ስንጀምር ነገሩ ተለወጠ። አሥራ አራት ሰው ከነጓዙ ሲጫን ሞተሩ ያቃስታል። ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍተነው ድምፁ አይቀጥንም፤ ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ጭሱ ከኋላችን እንደ ማገዶ ጭስ ይተኛል። ካንዴላው በየሳምንቱ ጥላሸት ይለብሳል። ከኛ ያነሰ ሞተር የያዙ ጀልባዎች እያለፉን ይሄዱ ጀመር። ዘጌ ደርሶ ለመመለስ 24 ሊትር ቤንዚን ይጠጣብን ነበር፤ ቤንዚኑ ከተከፈለ በኋላ ለእህታችን የምናስቀምጠው የረባ ነገር አይተርፍም።

ቤንዚኑን ጠረጠርን፣ ቀየርን። ዘይቱን ጠረጠርን፤ ግን ለ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት በሚለው ልክ ነበር የምንቀላቅለው። ሞተሩን ጠረጠርን፣ ሻጩን አማን። ያልጠረጠርነው በገዛ እጃችን የመረጥነውን ብቻ ነበር። እህታችን በየጁምዓው ትደውላለች። «ሞተሩ ደህና ነው?» ትላለች። እኛም «አልሐምዱሊላህ፣ ይሮጣል» እንላለን። ውሸት ነው ብለን አላሰብነውም። በሰው አገር ያለችን ልጅ ማሳዘን ምን ይጠቅማል ብለን ነው።

በጥር 2009 ዓ.ም አንድ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ሰው ጭነን ወደ ዘጌ ስንሄድ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ተነሣ። ሞተሩ በሙሉ ጋዝ እያለ አንድ የሚሰቀጥጥ ድምፅ አሰማና ተጣብቆ ቆመ። ገመዱን ብንስብ አይላወስም። ሞተር የሌለው ጀልባ ማዕበሉን በአፍንጫው መቀበል አይችልም፤ ዞሮ ጎኑን ይሰጣል። ውኃው በጎን እየዘለለ ይገባ ጀመር። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ታቀፉ፣ እኛ በጆግና በሳፋ ውኃ እንቀዳለን። እያንዳንዳችን በልባችን የምንቀራውን እንቀራለን፤ ክርስቲያኖቹም የየራሳቸውን ይጸልያሉ።

የደረሱልን ሞተር የሌላቸው ናቸው። ከነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ሁለት ሰዎች በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ ቆይተው ወደ ዳር ሲመለሱ አዩን። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ አይዟችሁ» ብለውን እየቀዘፉ ወደ ባሕሩ ዳር ሄዱና ሌላ ጀልባ ጠርተው ላኩልን። ሁለት ሰዓት ያህል ከተንገላታን በኋላ ተጎትተን ወጣን። ማንም አልሞተም፤ ለዚህ አላህን እናመሰግናለን። ሞተሩ ግን ሲከፈት ፋሻዎቹ በጥላሸት ተጣብቀዋል፣ ፒስተኑም ሲሊንደሩን ቧጭሮታል።

አባታችን ሲያዳምጥ

አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ የድሮ ሾፌር ነበር። የአሰብ መስመር በ1990 ዓ.ም በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ በኤንትሬ መኪና ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። ዕቃ ከአሰብ ወደብ ይጭናል፤ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ በከሚሴና በአጣዬ በኩል ሮቢት ይደርሳል። ቤቱ ያድርና በማግሥቱ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በርን ይወጣል። ልጆች ሆነን እራት ላይ የምንሰማው ወሬ የጣርማ በር ዳገት ነበር።

ሞተሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ፣ ፒስተንና ፋሻ ተቀይሮለት ሲያበቃ አባታችን በአዲስ አበባ ዞሮ ባሕር ዳር መጣ። ማንም አልጠራውም። «ልየው» ብሎ ነው የመጣው። ሰው ጭነን ስንወጣ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሐይቁን አላየም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ነበር የሚያዳምጠው። ስንመለስ እንዲህ አለን፦

«ይህ ሞተር ጣርማ በርን በሦስተኛ ማርሽ እየወጣ ነው። ማርሹን ለምን አትቀንሱለትም?»

«አባባ፣ የጀልባ ሞተር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው ያለው። ሌላ ማርሽ የለውም።»

«የለውም አትበሉኝ። ወይ አላያችሁትም ይሆናል። ጉልበት ካለው ነገር ማርሽ የሌለው የለም» አለ።

በማግሥቱ ሞተሩን የጠገነልንን መካኒክ ይህንኑ ጠየቅነው። ሰውየው መልስ ሳይሰጠን ወደ ሞተሩ እግር ጎንበስ አለና ፕሮፔለሩን በእጁ መታ መታ አደረገው። «ማርሹ ይኸውላችሁ። አባታችሁ ልክ ናቸው፤ እናንተ ሦስተኛ ላይ ተክላችሁታል» አለን።

ቁጥሩ የሚለው

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ከዚያ መካኒክ የተማርነውን፣ ከመመሪያ መጽሐፉ ያነበብነውንና ራሳችን ሞክረን ያየነውን ነው። ጀልባ ያላችሁ ወይም ለመግዛት ያሰባችሁ ቤተሰቦች በጥሞና ብታነቡት ይጠቅማችኋል።

በእያንዳንዱ ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸዋል። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፤ ክንፎቹ ሲዞሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዙት ክብ ስንት ኢንች እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው ፒች የሚባለው ነው። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር ምን ያህል ወደ ፊት መጓዝ እንዳለበት የሚናገር ቁጥር ነው። ብሎን በዳዶ ውስጥ ሲዞር አስቡት። ጥርሱ የተራራቀ ብሎን በአንድ ዙር ብዙ ይገባል፤ ግን ለማዞር ይከብዳል። ጥርሱ የተቀራረበው በአንድ ዙር ጥቂት ይገባል፤ ለማዞር ግን ይቀላል። ባለ 13 ፒች ፕሮፔለር በአንድ ዙር 13 ኢንች፣ ማለትም 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ልሂድ ይላል። ባለ 9ኙ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል።

ውኃ ግን እንደ ዳዶ ብረት አይደለም፤ ይሸሻል። ስለዚህ ጀልባ ቁጥሩ የሚለውን ያህል አይሄድም። ምን ያህል እንደሚጎድል የሚወስነው ጭነቱ ነው። ባዶና ቀላል ጀልባ ከቁጥሩ ብዙ አይጎድልም። ሰው የሞላው ጀልባ ግን እግሩ ጭቃ ውስጥ እንደሚንሸራተት በሬ ነው፤ ፕሮፔለሩ ይዞራል፣ ጀልባው ከዙሩ ግማሹን እንኳ አይሄድም።

ሞተሩ በበኩሉ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በተወሰነ የዙር ብዛት ላይ ነው። የኛ ሞተር መመሪያ «ጋዙ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ሞተሩ በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር መካከል መድረስ አለበት» ይላል። ትክክለኛው ፒች የሚባለው እንግዲህ የተለመደው ጭነት ተጭኖ ሞተሩን እዚህ መካከል የሚያደርሰው ነው። ከዚያ በታች ከቀረ ፒቹ በዝቷል፤ ሞተሩ ይታነቃል፣ ይግላል፣ ጥላሸት ይሠራል፣ ቤንዚን ያባክናል። ከዚያ በላይ ካለፈ ፒቹ አንሷል፤ ሞተሩ ያለ ልኩ ይሽከረከርና ዕድሜው ያጥራል። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይጨምራል።

መካኒኩ ዙር የሚቆጥር መሣሪያ ነበረው። አሥራ አራት ሰው አሳፍረን፣ የተለመደውን ጓዝ ጭነን ለካን። በ13 ፒች የመጣው ቁጥር 3,900 ነበር። አባታችን ቁጥሩን ሲሰማ ምንም አልተናገረም። የሰማውን ነው መሣሪያው የደገመለት።

ተራራ ላይ ያለ ሜዳ

«ሻጩ 11ዱን ብንወስድ ይበቃን ነበር ማለት ነው?» አልነው መካኒኩን። አልበቃንም ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ያስረዳን አባታችን ነው።

አባታችን አሰብ ላይ በባሕሩ ዳር የሚነዳት መኪናና ጣርማ በር አናት ላይ የሚነዳት መኪና አንድ ስትሆን፣ ጉልበቷ ግን አንድ እንዳልነበር ነገረን። «ዳገቱ አይደለም ብቻውን። አናቱ ላይ ወጥተን ሜዳ ስንይዝ እንኳ እንደ አሰብ አትጎትትም። ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ደጋ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል» አለ። ይህ የሾፌር ወሬ አይደለም፤ ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሞተሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣናስ? ጣና ለዓይን ሜዳ ነው፤ ግን ሜዳው 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው የተዘረጋው። ስለዚህ እዚያ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ 18 በመቶ ያህል ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ብለን የከፈልንበት ሞተር ጣና ላይ የሚሰጠን 33 ያህሉን ብቻ ነበር። የጀልባ ሞተር የሚሠራው ለባሕር ነው፤ ፕሮፔለሩም የሚታሰበው በባሕር ወለል ልክ ነው።

ይህ የጣና ነገር ብቻ አይደለም። ያው ሞተር ጋምቤላ ላይ በባሮ ቢሠራ፣ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ነውና የሚያጣው 5 በመቶ ያህል ነው። አባያና ጫሞ ላይ ከ11 እስከ 12 በመቶ፣ ዝዋይ ላይ 16 በመቶ ያህል ይጎድላል። እንግዲህ ጋምቤላ ላለ ዘመድ ልክ የሆነው ፕሮፔለር ባሕር ዳር ላለው ልክ አይሆንም። ማነስ ያለበት ፒቹ ነው። ልብ በሉ፤ ፒች መቀነስ የጠፋውን ጉልበት አይመልስም። የቀረውን ጉልበት ግን ሞተሩ ሳይታነቅ እንዲያወጣው ያደርጋል። ከባድ ማርሽ ይዞ ያቃስት የነበረ ሾፌር ማርሹን ሲቀንስ መኪናው ትንፋሽ እንደሚያገኘው ማለት ነው።

መካኒኩ 11 ፒች ተውሶ አሰረልን። በዚያው ጭነት 4,300 መጣ። ተሻለ፤ ግን መመሪያው ከሚለው በታች ነው። ቀጥሎ ሰፋ ያለ ክብ ያለው፣ ፒቹ 9 የሆነ አመጣ። ጋዙ ሲከፈት ድምፁ ቀጠነ፤ ከኋላችን የነበረው ጭስም ሳሳ። መሣሪያው 4,700 አለ። አባታችን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «አሁን ሁለተኛ ገባ» አለ።

በስልክ ላይ ባለው መለኪያ ፍጥነቱን አየን። በ13 ፒች፣ በሙሉ ጭነት ጀልባው በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ነበር የሚሄደው፤ በ9 ፒች 17 ሄደ። በወረቀት ላይ ብታሰሉት 13ቱ ይበልጣል። ውኃው ላይ ግን 9ኙ ቀደመ። የዘጌ ደርሶ መልስ ቤንዚንም ከ24 ሊትር ወደ 18 ወረደ። ከዚያ በኋላ መካኒኩ ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚያስገባውን ጄት የሚሉትን ቀዳዳ ጠበብ ባለው ለወጠልን። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት፤ አለዚያ ያልተቃጠለው ጥላሸት ይሆናል። ካንዴላው ከዚያ ወዲህ ንጹሕ ሆኖ ይወጣልን ጀመር።

ለሚገዙ ወገኖች

እንግዲህ ልምዳችንን በአጭሩ እናስቀምጠው።

አንደኛ፣ ፕሮፔለር ከመምረጣችሁ በፊት ጭነታችሁን እወቁ። ሙከራችሁን እንደኛ በባዶ ጀልባ አታድርጉት። በገበያ ቀን የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁ፣ ነዳጁን ሞልታችሁ፣ ሐይቁ ጸጥ ባለበት በማለዳ ሞክሩ። ነፋስ ካለ በሁለቱም አቅጣጫ ሄዳችሁ መካከሉን ውሰዱ። ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማቆየት የሚያስፈልገው ቁጥሩ እስኪነበብ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የምትሠሩበትን ቦታ ከፍታ ለሻጩ ንገሩት። እሱ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። ከጠየቃችሁ ደግሞ መልሱለት!

ሦስተኛ፣ ፒቹን ከመወንጀላችሁ በፊት ሌላውን መርምሩ። የጀልባው ሆድ በአልጌ ተሸፍኖ ይሆናል፤ ውስጡ ውኃ ጠጥቶ ከብዶ ይሆናል፤ የፕሮፔለሩ ክንፍ ድንጋይ መትቶት ተጣሞ ይሆናል። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም ወዲህ የመጣው እምቦጭም አለ፤ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተር ያንቃል። ሞተሩ በድንገት ጮሆ ጀልባው ካልሄደ ደግሞ ሁለት ነገር ነው። ወይ በፕሮፔለሩ እምብርት ውስጥ ያለው ጎማ ተንሸራቷል፤ ወይ ሞተሩ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር እየሳበ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር ትክክል ሊሆን ይገባል። ይህን ያላየ ሰው በከንቱ ፕሮፔለር ይገዛል።

አራተኛ፣ ትንሽ ፒች ያሰረ ሰው ባዶ ጀልባ ሲነዳ እጁን ይግታ። የኛው 9 ፒች ባዶ ስንሆን ሞተሩን ከ5,500 ሊያሳልፈው ይችል ነበር። ስለዚህ ባዶ ስንመለስ ጋዙን እስከ መጨረሻው አንከፍትም። አንዳንዶች ለጭነት አንድ፣ ለባዶ አንድ ይይዛሉ፤ አቅም ላለው ደግ ነው። ቢያንስ አንድ መለዋወጫና መፍቻውን ጀልባ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ለሁሉም ግዴታ ነው እንላለን። ሁለት መቅዘፊያና ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ ተንሳፋፊ ጃኬት ደግሞ ከሁሉ ይቅደም። እኛ በዚያ ቅዳሜ አልነበረንም።

ያልጠየቅናት ጥያቄ

ሞተሩ ከተስተካከለ በኋላ በመጀመሪያው ጁምዓ እህታችን ደወለች። «ሞተሩ ደህና ነው?» አለች እንደ ልማዷ። ታላቃችን ስልኩን ለአባታችን ሰጠው። አባታችንም ሁሉንም ነገራት፤ ሞተሩ መቃጠሉን፣ ሐይቁ ላይ መቅረታችንን፣ ለጥገናው የወጣውን ገንዘብ፣ ስምንት ወር ሙሉ መዋሸታችንን። ደብቀን የነበረው የሷን ገንዘብ ነውና ልትቆጣን ይገባት ነበር።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔስ ደህና ነኝ ስላችሁ ታምኑኝ ነበር?» አለችው።

ቀጥላ የተናገረችውን ሁሉ እዚህ አንጽፈውም፤ የሷ ነው። ይህን ያህል ግን ፈቅዳልናለች፦ የተቀጠረችው ለአንድ ቤት ሲሆን፣ ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ የአሠሪዋን እናት ቤትም ጨምራ ትሠራ ነበር። ወገቧን ያማት ነበር። እኛ የጀልባ ሞተር ለመግዛት ገንዘቡ መቼ ይሞላል እያልን ስንጠይቃት «ደርሷል፣ አልሐምዱሊላህ» ስትለን የነበረው ያኔ ነው።

አባታችን ስልኩን ዘግቶ ተነሣና ወደ በሩ ሄደ። ጀርባውን እንደሰጠን «ይህችን ልጅስ በስንተኛ ማርሽ ነው የምናስወጣት?» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ከጀልባው የሚገኘውን ለሷ መመለሻ ማስቀመጥ ጀመርን። ከእሷም ለቀለብ የሚላከውን አስቀረን፤ ሽንኩርታችን ለቤታችን ይበቃል አልን፤ በቃም። በ2010 ዓ.ም ተመለሰች። ጀልባውን እስከ 2013 ዓ.ም ሠራንበትና ሸጥነው፤ ገዢው 9 ፒቹን ከነሞተሩ ወሰደ። በሽያጩ ገንዘብ ሮቢት ላይ ሱቅ ከፈተችበት። ሲጀመር ሽማግሌ ፊት የተነሣው ሐሳብ ይህ ነበር።

13ቱን ገዢው አልፈለገውም። እህታችን «ስጡኝ» ብላ ወሰደችውና ከመደርደሪያዋ በላይ በሚስማር ሰቀለችው። የቀወት ገበሬ ሽንኩርቱን ሸጦ ሳሙናና ስኳር ሊገዛ ሲገባ ቀና ብሎ ያየውና «ይህ ደግሞ የምን ማራገቢያ ነው?» ይላታል። እሷም ስኳሩን እየመዘነች ትስቃለች።